ጥፍር የሚያስገባ መስመር

አባቷ የቀኝ አውራ ጣቱን ጥፍር እንደ ሌሎቹ አይቆርጠውም። ዘጠኙን በሳምንት አንዴ ያሳጥራል፤ አንደኛውን ግን በሞረድ እየነካካ፣ ጫፉን እያሳሳ ይንከባከበዋል። የሥራ መሣሪያው ነበር። አርባ ዓመት ሙሉ ጋራዥ ውስጥ የተጋጨ መኪና ሲያቃና ኖሮ፣ በር ገጥሞ ሲጨርስ መለኪያ አያወጣም። ጥፍሩን በበሩና በቦዲው መሀል ወዳለው ክፍተት ያስገባና ከላይ እስከ ታች ያንሸራትተዋል። ጥፍሩ ከተቀረቀረ በሩ ጠቧል፤ ከተወዛወዘ ሰፍቷል፤ ድምፅ ሳያሰማ ከወረደ ባለቤቱ መጥቶ መኪናውን ይውሰድ። የጋራዡ ሰዎች ጋሽ ጥፍር ይሉት ነበር፤ እሱም ስሙን እንደ ማዕረግ ተቀብሎት ኖሯል።

ስትሮክ የመታው በዚያው በቀኝ በኩል ነው። እግሩ በሁለት ወር ተመለሰ። ምላሱም ተፈታ፤ እንዲያውም ከድሮው ብሶበታል እያለች ልጁ ትስቅበታለች። እጁ ግን ቀረ። ማንኪያ ሲይዝ ያፈሳል፤ የሸሚዝ ቁልፍ መቆለፍማ የማይታሰብ ነው። ቤት ድረስ እየመጣች የምታሠራው የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የላስቲክ ኳስ ብትሰጠው፣ ኳስ በልጅነቴም አልወድም ብሎ አልጋ ሥር ሰደደው።

ባለሙያዋ ኳሱን ለማውጣት ጎንበስ ብላ ቀና ስትል ነው መደርደሪያውን ያየችው።

ልጁ ሞዴል መኪና የሚያመርት ፋብሪካ ውስጥ ቀራጭ ናት። መኪኖቹ ከመዳፍ የማይበልጡ፣ ቀልጦ ከሚፈስ ብረት የሚሠሩ ናቸው፤ ትልልቅ ሰዎች ሰብስበው በመስታወት ውስጥ የሚያስቀምጧቸው፣ አሻንጉሊት ብሎ የጠራቸውን ሰው የሚቀየሙላቸው። እሷ የመጀመሪያውን ናሙና ትቀርጻለች፤ ከናሙናው ፎርማ ይወጣል፤ ብረቱ ፎርማው ውስጥ ይፈሳል። አዲስ መኪና በወጣ ቁጥር አንድ ለአባቷ ታመጣለች። አሥራ አራት ደርሰዋል። የአሥራ አራቱም በር ይከፈታል፣ ኮፈናቸው ይነሳል።

ባለሙያዋ አንዱን አንስታ አየችውና፣ ኳሱን ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ከዛሬ ጀምሮ መልመጃዎ እነዚህ ናቸው አለችው። ግራ እጁ መኪናውን ይያዝ፣ ቀኝ እጁ ይክፈት። አጥብቃ ያስጠነቀቀችው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ግራው ቀኙን እንዳይረዳ። ከረዳው ቀኙ ይሰንፋል።

አባቷ ይህን እንደ መሐላ ያዘው። በየማለዳው መስኮቱ ሥር ባለችው ጠረጴዛ ፊት ይቀመጥና መኪኖቹን ተራ በተራ ያወርዳቸዋል። ጥፍሩን ወደ መስመሩ ሲያስጠጋ ጣቱ እንደ ሰከረ ሰው ከመንገድ ይወጣል፤ ይመልሰዋል፤ ደግሞ ይወጣል። መጀመሪያ ሰሞን አንድ ኮፈን ለማንሳት አንድ ሙሉ የሬዲዮ ዜና ይፈጅበት ነበር። በአራተኛው ወር የአሥራ አራቱን መኪና በር ከፍቶ ዘግቶ ቁርስ ይደርሳል። ቁርሱንም በቀኝ እጁ ይበላል፤ ቢያፈስም በቀኝ እጁ ነው የሚያፈሰው።

"አንቺ፣ ያቺ ክብ መብራቷ መቼ ነው የምትመጣው?" ይላታል ልጁን።

ክብ መብራቷ የሚላት፣ በጋራዥ ዘመኑ ከሁሉም አብልጦ የቀጠቀጣትን አሮጌ የቤት መኪና ነው። ፋብሪካው እሷን እየሠራ መሆኑን ከነገረችው ቀን ጀምሮ እንደ ዘመድ ይጠብቃታል። አራቱንም በሯን በአንድ ትንፋሽ የከፈትኩ ቀን፣ በዚህች እጅ ጆሮሽን እቆነጥጥሻለሁ ብሎ ዝቶባታል። ልጅ ሳለች ስታጠፋ የሚቆነጥጣት እንደዚያ ነበር፤ ጆሮዋን፣ በአውራ ጣቱና በሌባ ጣቱ፣ ጥፍሩን ሳያሳርፍ።

ቀራጯ ያን ጊዜ የምታውቀውን አልነገረችውም።

የምታውቀው ይህ ነው። ከሦስት ወር በፊት ሥራ አስኪያጁ ሁሉንም ሰብስቦ፣ ክብ መብራቷን የሚያህል፣ በሩ የሚከፈት አንድ የቆየ ሞዴል ፈታትቶ ነጭ ወረቀት ላይ ዘረጋው። አራት በር፣ ስምንት ማጠፊያ፣ ስምንት ፒን፣ ፒኖቹን በወረንጦ የሚያስገባ የሰው እጅ። ከዚያ አንድ ወጥ ሆኖ የፈሰሰ ቦዲ አጠገቡ አስቀመጠ። ሰው ገዝቶ መስታወት ውስጥ ለሚያስቀምጠው ነገር ይህ ሁሉ ጣጣ ለምን አስፈለገ ሲል ጠየቀ። ከአሁን በኋላ በሮቹ አይከፈቱም፤ መስመራቸው ብቻ ይቀረጻል። ሰዎቹ አጉረመረሙ። ሞዴል ሰብሳቢ ሰው ዓይነ ስውር አይደለም፣ የማይከፈት በር ከሩቅ ይታወቃል አሉ።

በስብሰባ ላይ አፏን ከፍታ የማታውቀው ቀራጭ እጇን ያወጣችው ያኔ ነው። ለምን እንዳወጣች በኋላ ብዙ አስባበታለች። ክፋት አልነበረም፤ የሙያ ጥያቄ ስለሆነ ብቻ ነው፣ መልሱንም ስለምታውቀው። የማይከፈት በር የሚያስታውቀው መስመሩ ጥልቀት ስለሌለውና ቀለሙ ስለሚሞላው ነው አለች፣ ጠረጴዛውን እያየች። መስመሩ ቢጠልቅ፣ ግድግዳው ቀጥ ቢል፣ ሥሩ ቢጠቁር፣ ጥፍር የሚያስገባ ያህል ቢሆን፣ ሳይሞክረው የሚያውቅ የለም።

ሥራ አስኪያጁ አጨበጨበ። ሌሎቹም ተከተሉት። በዚያ ክፍል ውስጥ ሲጨበጨብላት የመጀመሪያዋ ነበር፤ ያን ቀን ወደ ቤት ስትሄድ እግሯ መሬት የነካ አልመሰላትም።

መስመሩን በአሥራ አንድ ቀን ቀረጸችው። ጥልቀቱን የለካችው በመሣሪያ አልነበረም፤ በገዛ አውራ ጣቷ ጥፍር ነው። ከአባቷ የወረሰችው ሌላ መለኪያ አልነበራትም።

ከስብሰባው በፊት በሯ የሚከፈት አንዲት ናሙና በእጅ ተሠርታ ነበር። ማጠፊያዎቿን የገጠሙት እትዬ ወስፌ ናቸው። ፒን በማስገባት ሃያ ዓመት የቆዩ፣ ቅጽል ስማቸውንም ከዚያው ያገኙ ሴት ናቸው። ያቺ ናሙና አንድ በሯን ገርበብ አድርጋ ፎቶ ተነሳች፤ ፎቶዋ ካርቶኑ ላይ ታተመ፤ እሷም መግቢያው አዳራሽ ያለው የመስታወት ቁምሳጥን ውስጥ ገባች። የሚከፈተው በር ሲቀር ፎቶውን የሚቀይር አልተገኘም። እትዬ ወስፌ የሚያስገቡት ፒን ስለሌለ ወደ ማሸጊያ ተዛወሩ፤ ራሳቸው የገጠሙትን በር ፎቶ የያዘ ካርቶን ሲያጥፉ ይውላሉ። ቀራጯ አንድ ቀን በዚያ ስታልፍ ካርቶኑን ወደ ብርሃን አንስተው፣ "ልጄ፣ ደህና አድርገሽ ነው የዘጋሽው" አሏት። ፈገግ ብለው ነበር። እሷም ፈገግ አለችላቸው።

መኪናዋ ገበያ በወጣች በሳምንቷ አንድ ደብዳቤ መጣ። ጸሐፊው ሽማግሌ እንደሆነ ከእጅ ጽሑፉ ያስታውቃል። በሩን ለመክፈት ብዙ እንደሞከረ፣ ጥፍሩ እንደተሰበረ፣ ምናልባት እጁ ስለሚንቀጠቀጥ ሊሆን እንደሚችል ጽፎ፣ የአከፋፈት ዘዴ ካለው እንዲነግሩት በትሕትና ይለምናል። አንዱ ደብዳቤውን የውኃ ማጣሪያው አጠገብ ሰሌዳ ላይ ለጠፈው። ሌላው ከሥሩ በእስክሪብቶ፣ "ማንኳኳት ይሞክሩ" ብሎ ጻፈበት። ውኃ ለመቅዳት የመጣ ሁሉ ሳቀ። ቀራጯም ሳቀች።

መኪናዋን ወደ ቤት ያመጣቻት በዚያው ቀን ነው።

በመንገድ ላይ ምን እንደምትለው አዘጋጅታ ነበር። አባዬ፣ ይቺ ለማየት ብቻ ናት፤ በቃ፣ ይኸው ነው ንግግሩ። የቤቱን በር ስትከፍት ግን አባቷ ወንበሩን ወደ ጠረጴዛው አስጠግቶ፣ መነጽሩን አድርጎ፣ የቀኝ እጁን እጅጌ ጠቅልሎ ይጠብቃት ነበር። ካርቶኑን ከእጇ ወሰደና ፎቶውን፣ ያን ገርበብ ያለ በር፣ ትኩር ብሎ አየው። ነገ እነግረዋለሁ ብላ ራት ልትሠራ ገባች።

የመጀመሪያውን ሳምንት አባቷ በሯን ለመክፈት የቸኮለ አይመስልም ነበር። ጥፍሩን መስመሩ ውስጥ እያስገባ ዙሪያውን ሲያዞር፣ ከላይ ሲያወርድ፣ ከታች ሲያወጣ ይውላል። ጥፍሩ ሳይቀረቀር ይዞራል።

"ይኼን የሠራው ሰው ማነው?" አላት በሦስተኛው ቀን። "አርባ ዓመት ሙሉ እንዲህ ዙሪያውን እኩል የሆነ ክፍተት አውጥቼ አላውቅም። እጁ ይባረክ።"

እሷ ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ከሰው ሁሉ ይህን ምስጋና ለመስማት ትመኝ የነበረው ከእሱ ነው፤ አሁን ግን መሬት ተከፍታ ብትውጣት በወደደች። ፋብሪካ ውስጥ ያለ አንድ ሰው ነው ብላ ቢላዋዋን አፋጠነች።

በሁለተኛው ሳምንት መክፈት ጀመረ፤ ማለትም መሞከር። ጥፍሩን ያስገባል፣ ጣቱን ይቆለምማል፣ ይስባል። እጁ እስከ ክርኑ ይንቀጠቀጣል። ትንፋሹን ይውጥና እንደገና። ግራ እጁ መኪናዋን እንደያዘ ፍንክች አይልም። አንዴ ብቻ የግራ አውራ ጣቱ ወደ በሩ ሲሄድ አየችውና፣ ተስፋ አድርጋ ትንፋሿን ያዘች። በግራው ቢሞክር ያውቅ ነበር። እሱ ግን ጣቱን እንደ ሌባ ገሥጾ መለሰው። አንቺ ክፈችልኝ ይለኛል ብላ ደግሞ ስትፈራ ሰነበተች፤ አላላትም። እሷ ከከፈተችው ተሸነፈ ማለት ነው።

ከዚያ እጁን መስደብ ጀመረ። ሰው አጠገቡ እንደሌለ ሁሉ ዝቅ ባለ ድምፅ ያናግራታል። ሰነፍ ይላታል። አሥራ አራቱን ስትከፍቺ የኖርሽው ለካ ስትቀልጅብኝ ነው ይላታል። አንቺ ሬሳ፣ ስንቱን በር አንጠልጥለሽ አንዲት ፍሬ የምታህል በር አቃተሽ ይላታል። ቀራጯ ከጎኑ ተቀምጣ ልብስ ታጥፋለች፣ ወይም የታጠፈውን ፈታ እንደገና ታጥፋለች። እያንዳንዱ ስድብ የሚያርፈው እሷ ላይ እንደሆነ ታውቃለች፤ እሱ ግን አያውቅም፣ የሚያንገበግባትም ይኸው ነው። አሁን ልናገር ትላለች፤ አሁን ብትናገር ደግሞ ትናንት ለምን ዝም አልሽ የሚለው ጥያቄ ይመጣል። በየቀኑ የዝምታዋ ቁጥር በአንድ እየጨመረ፣ ለመናገር የሚያስፈልገው ድፍረት አብሮ ይጨምራል።

በሦስተኛው ሳምንት አሥራ አራቱን ማውረድ ተወ። የእነሱ በር የላላ ነው፤ እውነተኛዋ ፈተና ይቺ ነበረች አለ። ሐሙስ ቁርስ ላይ ማንኪያውን በግራ እጁ ያዘ። ምግቡ አልፈሰሰም። ፊዚዮቴራፒስቷ መጥታ ስትሄድ፣ ደጃፍ ላይ ቆማ ቀራጯን ምን ገጠመው ስትል ጠየቀቻት። እጁ ወደኋላ የሚመለስበት ምክንያት አልታየኝም፤ ተስፋ የቆረጠ ይመስላል አለች። ቀራጯ ጫማዋን እያየች፣ አላውቅም አለች።

ዓርብ ዕለት፣ ሠራተኛው ለምሳ ሲወጣ፣ ወደ መግቢያው አዳራሽ ሄደች። የመስታወት ቁምሳጥኑ ቁልፍ በራሱ ላይ ተሰክቶ የሚውል ነው። ናሙናዋን አወጣችና ሻርፗ ውስጥ ጠቀለለቻት። በሕይወቷ እርሳስ እንኳን ሰርቃ አታውቅም። ቢሆንም ያን ያህል አላፈረችም፤ ከዚህ የሚብስ እፍረት ቤት ተቀምጦ ይጠብቃታል።

ቅዳሜ ጠዋት አባቷ ፊቱን ሲታጠብ ቀየረቻቸው። የማትከፈተዋን ቦርሳዋ ውስጥ ከታ፣ የምትከፈተዋን ጠረጴዛው ላይ አኖረች። ቀለማቸው አንድ፣ መጠናቸው አንድ። ከዚያ እንደ ዋዛ፣ አባዬ፣ እስቲ ዛሬ አንዴ ብቻ ሞክራት አለችው። እንቢ አለ። ለመነችው። ለእኔ ስትል አለችው። ለእሷ ሲል ተቀመጠ።

ጥፍሩን አስገባ። ጣቱ ተቆለመመ። በሩ፣ እትዬ ወስፌ እንደገጠሙት፣ ለስለስ ብሎ ተከፈተ።

አባቷ አልጮኸም፣ አልሳቀም። ዘጋው። ከፈተው። ሁለተኛውን ከፈተ፤ ሦስተኛውን፤ አራተኛውን። እጁ ይንቀጠቀጣል፣ ግን ያደርገዋል። ቀራጯ ፊቱ ላይ ብርሃን ስትጠብቅ፣ ግንባሩ ቀስ እያለ ሲቋጠር አየች። በሮቹን ሁሉ ዘጋና ጥፍሩን በመጀመሪያው በር መስመር ዙሪያ አዞረው። በማጠፊያው በኩል ጠበብ፣ በእጀታው በኩል ሰፋ፣ ከታች ትንሽ ጎተት። እንደገና አዞረው።

"ይቺ ያቺ መኪና አይደለችም።"

"እንዴት?"

"የሚከፈት በር ክብደት አለው። በማጠፊያው ይንጠለጠላል፤ የፈለገ ብትጠበቢ ፀጉር የምታህል ይወርዳል። ይቺ ወርዳለች። ያቺ ዙሪያዋን እኩል ነበረች።" ዓይኑ መስኮቱ ላይ ነበር፣ ነገሩ ሲገባው ግን እሷ ላይ መጣ። "እኩል የሆነችው በር ስላልሆነች ነው። ያቺ የት አለች?"

ከቦርሳዋ አወጣችና አጠገቧ አስቀመጠችለት። ጥፍሩን መስመሩ ውስጥ ከተተ፣ ግን አልሳበም።

"አትከፈትም?"

"አትከፈትም።"

"ለማንም?"

"ለማንም፣ አባዬ።"

"መስመሩን ማን ሠራው?"

"እኔ።"

ቀራጯ ስለ ሥራ አስኪያጁ፣ ስለ ማጠፊያውና ስለ ፒኑ መናገር ጀመረች። አባቷ የግራ እጁን አነሳ፤ ንግግሯን አቆመች።

"እሱ የእነሱ ጉዳይ ነው። እኔ የምልሽ፣ ይቺን እጅ ሦስት ሳምንት ስሰድባት ከርሜአለሁ። ሰምተሻል?"

"ሰምቻለሁ።"

"እዚህ ተቀምጠሽ።"

"እዚህ ተቀምጬ።"

አንገቷን ደፋች። ብታለቅስ እንደሚያዝንላት ታውቃለች፤ ስለዚህ እንባዋን ዋጠች፤ ርኅራኄውን እንኳን ልትሰርቀው አልፈለገችም።

"ጠጋ በይ" አላት።

ጠጋ አለች። ቀኝ እጁ ከጠረጴዛው ተነሳች፤ በአየር ላይ መንገድ ሳተች፤ ትከሻዋን ነካች፤ አንገቷን፤ ከዚያ ጆሮዋን አገኘችው። አውራ ጣቱና ሌባ ጣቱ ተገናኙ። ቆነጠጣት። ጉልበት አልነበረውም፤ የልብስ መቆንጠጫ ያህል እንኳን አይሆንም። ጥፍሩ ግን አረፈባት፤ ያን ድሮ አድርጎት አያውቅም።

"አመመሽ?"

ልትዋሽ አፏን ከፈተች። "ትንሽ" አለች።

"ትንሽ ከሆነ ገና ነው ማለት ነው" አለና ለቀቃት። ፊቱን አዞረ። ማታ ማንኪያውን በየትኛው እጁ እንደያዘ በዓይኗ ጥግ አየች። ሾርባው ጠረጴዛው ላይ ፈሶ ነበር። ጨርቅ አምጥታ ጠረገችው፤ አላመሰገናትም።

እሁድ ጠዋት አሥራ አራቱን አወረደ። የማትከፈተዋን መደርደሪያው ጫፍ ላይ ለብቻዋ አስቀመጣት። ልጁ ይቺን ላንሳት ወይ ብትለው፣ እዚያው ትሁን፣ ተዪያት አለ።

ሰኞ ማለዳ ሠራተኛው አዳራሹን ሞልቶ ሲገባ ናሙናዋን ከሻርፗ ፈታ ቁምሳጥኑ ውስጥ መለሰች። ማን ወስዷት ነው ብሎ ዘበኛው ሲጠይቅ፣ እኔ ነኝ አለች፤ ድምጿ ከጠበቀችው በላይ ስለወጣ ሰው ዘወር ብሎ አያት። ሥራ አስኪያጁ ዘንድ ገብታ ካርቶኑ ላይ ያለው ፎቶ ይነሳ፣ የማይከፈት መሆኑም ይጻፍበት አለችው። አስብበታለሁ አለ፤ የማያስብበት ሰው እንደሚለው። ከአሁን በኋላ እንዲህ ያለ መስመር አልቀርጽም ስትለው ግን ቀና ብሎ አያት። እትዬ ወስፌ ካርቶን እያጠፉ ነበር። በአጠገባቸው ስታልፍ ጆሮሽ ምን ነካው አሏት፤ ትንሽ ቀይ ጭረት ነበረበት። አጥፍቼ ነው አለቻቸው። እሳቸውም በዚህኛው ጊዜ በዓይናቸው ጭምር ፈገግ አሉላት።

ከዚያ ወደ ውኃ ማጣሪያው ሄዳ ደብዳቤውን ከሰሌዳው ነቀለችው። ማንኳኳት ይሞክሩ የሚለውን በምላጭ ፋቀችው፤ ወረቀቱ ሳሳ እንጂ ጽሑፉ ሙሉ በሙሉ አልጠፋም። የቀረጻ ጠረጴዛዋ ላይ ተቀምጣ መልስ ለመጻፍ ምሳ ሰዓቷን ሙሉ ፈጀች። መጀመሪያ ሁለት ገጽ ጻፈች፤ አብዛኛው ስለ ራሷ ስለነበር ቀደደችው። በመጨረሻ የቀረው እንዲህ የሚል ነበር።

በሩ አይከፈትም። እንዲከፈትም ተደርጎ አልተሠራም። እጅዎ ምንም ጥፋት የለበትም፤ መስመሩን የቀረጽኩት እኔ ነኝ።

ከሥሩ ስሟን ጻፈች፣ ሙሉ ስሟን፣ ከነአባቷ። ከዚያ ወረቀቱን ለሁለት አጥፋ፣ እጥፋቱን በአውራ ጣቷ ጥፍር ከላይ እስከ ታች ተጫነችው።